ሳይጠይቁኝ የቆረጡት

ስኔልቪል፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ያብስራ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትክ ማወቅ አልፈልግም።

ከእስር ቤት አራት ደብዳቤ ልከሃል። ሦስቱ ሳይከፈቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አራተኛውን የከፈትኩት አንተን ብዬ አይደለም። ገሊላ ባለፈው ጥቅምት መኪና መግቢያው፣ ድራይቭዌዩ ዳር የተከለችው ቁጥቋጦ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ስለጀመረ ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሳህሌም አያውቀውም፤ አባቷ ሆኖ ምን ተከልሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም። ጉድጓዱን አብረሃት የቆፈርከው አንተ ነህ። በዚህ ምድር ላይ ስለ ልጄ ተክል የምጠይቀው ሰው ልጄን ይዞ መኪና ያጋጨው ሰው ብቻ ሆነ። ይህም ያንገበግበኛል።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አጠጣዋለሁ፤ ስመለስም አጠጣዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል አፈስበታለሁ። አሁንም ይረግፋል።

ሽማግሌዎቹን ለምን እንደመለስኳቸው ጠይቀሃል። እናትህ ትዕግስት ከብሩክሄቨን ሦስት ሰው ላከች። ልጄ ከሞተች ገና አራት ወሯ ነው። ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው «ይቅር ብዬዋለሁ» የሚል በእንግሊዝኛ የተተየበ ወረቀት አወጡ። «እዚች ጋ ብቻ ፈርሚ፣ እህቴ፤ ለፓሮሉ፣ በአመክሮ እንዲፈታ ይጠቅመዋል» አሉኝ። አንብቢው እንኳ አላሉኝም። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍተው ነው ያቀረቡልኝ። እኔም ጫማቸውን አቀረብኩላቸው።

ሌላም አለ። በደብዳቤህ ሦስት ቦታ «አንቺ» ብለኸኛል። እናትህ አይደለሁም።

ሁለት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ተክሉ ምንድነው፣ ምን ሆኖ ነው የሚረግፈው? ሁለተኛ፣ ያን ቀን ሀይዌይ 78 ላይ ስልክ ይዘህ ምን ትሠራ ነበር?

ሌላ ነገር አትጻፍ።

ደጊቱ፣ የገሊላ እናት


ጁላይ 30, 2023

ለተከበሩ እትዬ ደጊቱ፣

እንደምን አሉ? ጋሽ ሳህሌስ ደህና ናቸው? ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማርኛዬ ከሰንበት ትምህርት ቤት የቀረ ስለሆነ ከተሳሳትኩ ሶሪ። «አንቺ» ያልኩት ንቄ አይደለም። ቤት ከማሚ ጋር እንደዛ ስለማወራ ነው። ከአሁን በኋላ እጠነቀቃለሁ።

ተክሉ ቢዩቲቤሪ ይባላል። ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ የዚሁ የጆርጂያ ነው፤ ጫካ ዳር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ድርቅ ይችላል። ገሊላ «ይሄ እንደ እማዬ ነው፣ ማንንም አጠጣኝ አይልም» ትል ነበር።

እትዬ፣ ፕሊስ ውሃውን ያቁሙት። የሰፈራችሁ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ውሃ ይዞ ያስቀምጣል። ሥሩ መተንፈሻ አጥቶ ነው ቅጠሉ የሚረግፈው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ካለው አያጠጡት። ዝናብ ሁለት ሦስት ሳምንት ከጠፋ ብቻ አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡት። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ምንም አይፈልግም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለዳኛው እንዳልኩት ነው። ሙዚቃ ልቀይር ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

አክባሪዎ ያብስራ


ስኔልቪል፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያብስራ፣

ውሃውን ካቆምኩ ሁለት ወር ሊሆን ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ባልዲውን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ልጁን የቀበረ ሰው የሆነ ነገር ማጠጣት ይፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ አልፈልግም ይላል። ተናደድኩበት። ሆኖም ልክ ነበርክ፤ መርገፉን አቁሟል። ልክ ስለሆንክ አላመሰግንህም።

ፍሬም ይዟል። ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ ወይን ጠጅ ፍሬ እንደ ጨሌ ተጠጋግቶ ከቦታል። እንዲህ ያለ ቀለም ዛፍ ላይ አይቼ አላውቅም። ከደንዉዲ ቢሮ ሳጸዳ ውዬ ስመለስ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ቡናማ ወፍ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር፣ ዓይኑ ቢጫ፣ መጥቶ መብላት ጀመረ። ጮህኩበት። ሄደና ሁለት ሆኖ መጣ። በማግሥቱ አንድ ቅርንጫፍ ባዶውን ቀርቷል። ልጄ በእጇ የተከለችውን፣ የመጀመሪያ ፍሬዋን፣ እኔ ሳልጠግበው! ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩ። ሳህሌ በመስኮት «ደጊዬ፣ ጎረቤት ያይሻል» ይለኛል። ይየኝ። በመጨረሻ ነጠላዬን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አለበስኩትና በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት።

ጎረቤቱም አየኝ። ፎቶ አንሥቶ ሰፈሩን ለሚቆጣጠረው ማኅበር፣ ለኤችኦኤው ላከ። ደብዳቤ መጣ፤ «ግቢዎ ውስጥ ያልተፈቀደ ቁጥቋጦና በላዩ የተሰጣ ልብስ ይገኛል» ይላል። የልጄ ተክል ያልተፈቀደ፣ ነጠላዬ የተሰጣ ልብስ ሆነ። ይህ ሁለተኛ ደብዳቤያቸው ነው። የመጀመሪያው የመጣው ባለፈው የካቲት 18 ነው፣ ያው እሷ የሞተች ዕለት። ያን ዕለት ደብዳቤ መምጣቱን ታውቃለህ? ወይስ አታውቅም፣ ሙዚቃ እየቀየርክ ነበር?

ደጊቱ


ኦክቶበር 8, 2023

ለተከበሩ እትዬ ደጊቱ፣

ደብዳቤዎን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ጫማ ወረወርኩ ያሉት ጋ ሳቅኩ፣ ሶሪ። እዚህ ብዙ አይሳቅም።

ነጠላውን ፕሊስ ያንሡት። ገሊላ ቁጥቋጦውን የተከለችው ለፍሬው ብላ አይደለም፤ ለወፎቹ ነው። ያ ቡናማው ብራውን ትራሸር ይባላል። ብርድ ሲመጣ፣ ነፍሳቱ ሲጠፉ፣ ይሄ ፍሬ ነው የሚያቆያቸው። ሙቀት ሲመጣ ደግሞ አበባው ለንቦች ነው። ሰፈራችሁን «ማይል ሙሉ ሳር፣ አንዲት ንብ የምትቀምሰው የሌለበት» ትለው ነበር። ወፎቹ ካልበሉት ዘሩ የትም አይሄድም፤ ሲበላ ነው ሥራው የሚያልቀው።

«እማዬ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ከዛ ወንበር አውጥታ ታያቸዋለች» ብላኝ ነበር።

ደብዳቤው ጠርዝ ላይ በትንሹ ጽፈው የሰረዙትን «ልጄ ምንህ ነበረች?» የሚለውን ጥያቄ አነበብኩት። እሱን መመለስ የነበረባት እሷ ናት። እኔ ብቻዬን ባልመልሰው ይሻላል።

ስለ ኤችኦኤው ደብዳቤ አላውቅም። ሙዚቃ ልቀይር ነበር። ይሄን ደግመው ባይጠይቁኝ።

ያብስራ


ስኔልቪል፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያብስራ፣

ነጠላውን አንሥቻለሁ። አንተ ስላልክ አይደለም፣ እሷ ስላለች ነው። ወንበርም አውጥቻለሁ፤ ይህን እንዴት አወቀችብኝ? ሁለቱ ቡናማዎች በሦስት ሳምንት አራግፈውት ሄዱ። የመጨረሻዋን ፍሬ የበላችው ቀና ብላ አየችኝ። «ብይ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ» አልኳት።

አሁን ቅጠሉም የለም። ዱላ ብቻ ቆሟል። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አይቻለሁ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሳህሌ ግን አላመነም።

«ደርቋል እኮ፣ ደጊዬ። ኤችኦኤው እስከ ማርች መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶናል፤ ነቅለን እንገላገል» አለኝ።

«አንተም ከየካቲት ወዲህ ደርቀሃል፤ ነቀልኩህ?» አልኩት።

ጋራዥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ክፉ ቃል ነው። ለእሱም ልጁ ናት። ግን መልሼ ልውጠው አልቻልኩም፤ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ እንዲህ ሆኗል።

ለኤችኦኤውም መልስ ሰጥቻለሁ። በራሴ እንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፍኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ጎረቤቴን አሰፋሽን አስተካክይልኝ ብላት ትችል ነበር፣ አላልኳትም። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ይህ ተክል ሞቷል ብላችኋል። አልሞተም። የሞተችው ልጄ ናት። እናንተ ሁለቱን ለይታችሁ አታውቁም። አልነቅልም።»

ሦስቱን የድሮ ደብዳቤዎችህን አሁንም አልከፈትኳቸውም። አትጠይቀኝ።

ደጊቱ


ስኔልቪል፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያብስራ፣

ዛሬ ዓመቷ ነው። ተዝካሯን ቅዳሜ አደረግን። ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ታገሥ፤ በሁለት ቀን ነው የጻፍኩት።

ቆረጡት።

አርብ ከሥራ ስመለስ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተክለው ጨርሰዋል። ሰብሳቢውን፣ አቶ ኃይለመስቀልን ታውቀዋለህ። ለበጎ ነው የመጣው፤ ሁልጊዜ ለበጎ ነው የሚመጣው። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ትልልቁን ድስት፣ ሁሉን ይዘው ስድስት ሆነው መጥተዋል። ቁጥቋጦው ለድንኳኑ አላመቻቸውም። ጭራሮ ነው ብለው ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተው ጨረገዱት። በቀረው ጉቶ ላይ የድንኳኑን ገመድ አሰሩበት።

«ማነው ቁረጡ ያላችሁ?» አልኩ።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኛ እያለን አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ማነው ቁረጡ ያላችሁ ነው የምለው!»

«ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ ኃይለመስቀል፣ ከልቡ ገርሞት።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሐዘንተኛ አይጠየቅም። ወግ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም በሰው ሐዘን ቤት ሳልጠይቅ ገብቼ ድስት ጥጄ አውቃለሁ። ግን ዓመት ሙሉ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። ሆስፒታል ልያት ስል «ይቅርብሽ፣ እንደነበረች አስቢያት» ብለው ወሰኑልኝ። ፎቶዋን ከሳሎን አውርደው «እንዳትረበሺ ብለን ነው» አሉኝ። መቃብሯን መረጡልኝ፤ የመቃብሯን ጽሕፈት መረጡልኝ። አሁን ደግሞ በሕይወት የቀረላትን አንድ ነገር ቆረጡልኝ።

ድንኳኑን አፍርሱ አልኳቸው። «ዝናብ አለ ተብሏል» አሉ። ይዝነብ። «ሰው ምን ይላል?» አሉ። ይበል። ፈታሁት ገመዱን በገዛ እጄ። ቅዳሜ መቶ ሃያ ሰው ጋራዥ ውስጥና ደጅ ቆሞ በላ፤ ደጊቱ አበደች እየተባለ። እናትህም መጥታ ነበር። ከሁሉም ኋላ ቆማ ቆየች። ስትወጣ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ፣ ጉቶው አጠገብ ጎንበስ ብላ አየችው። አላነጋገርኳትም።

ቁርጥራጩን ከቆሻሻ ገንዳ አውጥቼ በወለል መወልወያዬ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አቁሜዋለሁ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ሙዚቃ አልቀየርክም።

እኔ ነኝ የደወልኩት። ያን ቅዳሜ ከፖስታ ሳጥኑ የኤችኦኤውን የመጀመሪያ ደብዳቤ አወጣሁ፤ «ደረቁን ቁጥቋጦ አስወግዱ» ይላል። ደሜ ፈላ። ደወልኩላት። ስልኩ ተነሣ። ሃሎ እስክትል አልጠበቅኩም፤ «ያንን ጭራሮሽን ዛሬ መጥተሽ ካልቆረጥሽ» ብዬ ጀመርኩ። ተቋረጠ። ስልኬ ዘጠኝ ሰከንድ ይላል። የፖሊሱ ወረቀት የሚለውም ያንኑ ደቂቃ ነው።

ዘጋችብኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ፖሊስ በሬን እስኪያንኳኳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀይሜያት ተቀመጥኩ። ስትመጣ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር። ልጄ ሞታ፣ እኔ ስልክ ዘጋችብኝ ብዬ ተቀይሜያታለሁ።

ስልኩን ማን አነሣው? እውነቱን ጻፍ። ካልጻፍክ ከእንግዲህ ደብዳቤህ ሳይከፈት ይመለሳል።

ደጊቱ


ማርች 10, 2024

ለተከበሩ እትዬ ደጊቱ፣

ልክ ነዎት። ሙዚቃ አልነበረም።

ገሊላ ሁለት የቢዩቲቤሪ ችግኝ ጭኗ ላይ ታቅፋ ነበር፤ ከጓሮ አትክልት ሽያጭ ነበር የምንመጣው። እጇ ስላልተመቻት ስልኳ መሃላችን ተቀምጧል። «እማዬ ናት፣ አንሳልኝና ስፒከር አድርገው» አለችኝ። ዓይኔን ከመንገዱ አነሳሁ። ቆይ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልተለወጠም።

ድምፅዎን ሰማነው። «ያንን ጭራሮሽን» ሲሉ ገሊላ ሳቀች። ጮክ ብላ ነው የሳቀችው። «ልቆርጠው እኮ ነው የምመጣው!» አለች። እርስዎ እየተቆጡ ስለነበር አልሰሟትም። አልዘጋችብዎትም። ከዛ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ውሸቷንም አልነበረም። ኋላ ወንበር ላይ የዛን ቀን የገዛችው አዲስ የአትክልት መቀስ ነበር። ቢዩቲቤሪ የሚያብበውም የሚያፈራውም በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሲያልቅ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ቀርቶ ይቆረጣል። እትዬ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል ምንም ሳያውቁ በልኩ፣ በጊዜው ነው የቆረጡት። አልሞተም። ዘግይቶ ነው የሚነቃው፤ ኤፕሪል እስኪያልቅ ምንም ባያዩ አይዘኑ። ባልዲ ውስጥ ያሉት ግን ይበሰብሳሉ፤ ሶሪ።

ለዳኛው የዋሸሁት እርስዎ እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ኮርት ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። በጥቁር ልብስ። መናገር አልቻልኩም።

ያብስራ


ስኔልቪል፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያብስራ፣

ለአንድ ወር ከምናምን አልጻፍኩም። ብጽፍ የሚያስነውር ነገር እጽፍ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩት ግን በሌላ ነገር ነው።

ዓመት ሙሉ ሳቋን ይዘህ ተቀምጠሃል።

እኔ ተኳርፈን ነው የተለያየነው ብዬ ዓመት ሙሉ ስነድ፣ አንተ ጋ የልጄ ሳቅ ነበር። «ልቆርጠው እኮ ነው የምመጣው» ያለችው ለእኔ ነው፤ ለእኔ የተላከ ቃል ነው፤ አንተ ዘንድ ቀረ። እንዳልሰማ ብለህ? ማን ጠየቀህ? ሆስፒታሉ በር ላይ «አትያት» ያሉኝም እንዲሁ ነው ያሉት። ኃይለመስቀልም እንዲሁ ነው ያለው። ሁላችሁም ለበጎ፣ ሁላችሁም ሳትጠይቁኝ። እሱ ግን ምን እንደቆረጠ አላወቀም። አንተ ታውቅ ነበር።

ሌላም ልንገርህ። የደወልኩት እኔ ነኝ። ያ የእኔ ነው። ከባድ ቢሆንም የእኔ ነው። ከእኔ ወስደህ ራስህ ላይ ስትጭነው ያከበርከኝ መስሎሃል። አላከበርከኝም፣ እንደ ሕፃን ነው የቆጠርከኝ። ዓይንህን ከመንገድ ያነሣኸው አንተ ነህ፤ ያንን ተሸከም። የእኔን መልስልኝ።

ወደ ቁጥቋጦው ልመለስ። ገመዱ ጉቶውን ልጦታል። ባልዲ ውስጥ ያሉት እንዳልከው በሰበሱ፤ ሸተቱ፤ ጣልኳቸው። ኤችኦኤው ደግሞ የምስጋና ደብዳቤ ላከልኝ! «የደረቀውን ቁጥቋጦ ስላስወገዱ እናመሰግናለን፤ ለሰፈራችን ውበት ያደረጉትን አስተዋጽኦ እናደንቃለን።» ቀድጄው ነበር፤ መልሼ አጣብቄ አስቀመጥኩት። እንደዚህ ያለ ነገር ማስረጃ ይፈልጋል።

ዛሬ ሚያዝያ 13 ነው። ጉቶው ላይ ምንም የለም። በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ትናንት ሳህሌ ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ጎንበስ ሲል ያዝኩት።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ቁልፌ ወድቆ ነው» አለኝ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

ይነቃል ያልከኝ እንደ ሙዚቃው ከሆነ፣ እኔን ለማባበል ከሆነ፣ አሁኑኑ ንገረኝ።

ደጊቱ


ስኔልቪል፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያብስራ፣

ወጣ። አምስት ቦታ። አንደኛው ከገመዱ ጠባሳ ሥር ነው።

ሳህሌን ጠራሁት። ሁለታችንም ድራይቭዌዩ ላይ ተቀመጥን።

ደጊቱ


ስኔልቪል፣ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያብስራ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን የጠየቅኩት መልሱን ፈልጌ ነው። ንዴቴ በረደ ማለት ግን አይደለም።

ዘንድሮ በቁመት ይበልጠኛል። ሰኔ ውስጥ ሐመር ሮዝ የሆነ ጥቃቅን አበባ አወጣ፤ ንቦቹ ከጠዋት እስከ ማታ አልተለዩትም። ሐምሌ ላይ ሦስት ሳምንት ጠብታ ዝናብ ጠፋ፤ የጎረቤቱ ሳር እንደ ገለባ ሆነ፤ ይሄ አልተነቃነቀም። አሁን ፍሬው ካምናው እጥፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ጎብጦ መሬት ሊነካ ደርሷል። ቡናማዎቹም መጥተዋል፤ ዘንድሮ ሦስት ናቸው።

ኤችኦኤው ተመልሶ መጥቷል። «የተወገደው ቁጥቋጦ እንደገና በቅሏል» ይላል። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አላቸው፤ እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም። ሞላሁት። የተክሉ ስም በሚለው ቦታ ቢዩቲቤሪ አልኩ። የተከላው ምክንያት በሚለው «ለወፍ» አልኩ። የተከለው ሰው በሚለው የልጄን ስም ሙሉውን፣ ከነአያቷ ጻፍኩ። መልሳቸው አልመጣም። ቢከለክሉኝም አልነቅልም፤ ስብሰባቸው ላይ ሄጄ የምስጋና ደብዳቤያቸውን አነብላቸዋለሁ።

አቶ ኃይለመስቀል ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር። ቆሞ አየውና «አየሽ፣ እኛ ባንቆርጠው እንዲህ ይሆን ነበር?» አይለኝም! ጫማዬን አሰብኩ። ከዚያ ፍሬውን ሊቀጥፍ እጁን ሲዘረጋ እጁን መታሁት።

«ምነው እህቴ?»

«ጠይቅ!» አልኩት።

እጁን ሰብስቦ «ልቅጠፍ?» አለኝ። በዓመት ከስድስት ወር የመጀመሪያው ነው። «አይቻልም፣ የወፎቹ ነው» አልኩት። ሳህሌ ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ድምፁን ረስቼው ነበር።

አሁን የጻፍኩበት ዋና ነገር። ለፓሮል ቦርዱ ወረቀት ጽፌያለሁ። ሽማግሌዎቹ ያመጡትን አይደለም፤ የራሴን። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ የሌለኝን አልሰጥም። ያለው ይህ ነው፦ ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አንሳልኝ አለችው። እሱ ዓይኑን ከመንገድ አነሣ። እኔ እንዳልሰማ ብሎ ለዳኛ ሙዚቃ ነው አለ። በዚህ ጉዳይ የምትወስኑ ከሆነ፣ የተሟላውን ነገር አውቃችሁ ወስኑ።

ሊጠቅምህ ይችላል። ለዳኛ መዋሸትህን ስለሚናገር ሊጎዳህም ይችላል። አሰፋሽ «ዝም ብለሽ ላኪው» አለችኝ። እኔ ግን እንደ እናንተ አይደለሁም። ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልታሸገም። ልላከው ወይስ አልላከው? ጠይቄሃለሁ። መልስልኝ።

እናትህን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋት። ወረቀቱን አነበብኩላት። አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም። በፍሬው ጊዜ መጥታ እንድታየው ነግሬያታለሁ። አታስረዝመው፤ ፍሬውን ነው ያልኳት።

ሦስቱን የድሮ ደብዳቤዎችህን ከፍቻቸዋለሁ። ጠርዝ ላይ የሰረዝኩት ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ ነበር። እንደምትዋደዱ እሷ ብትነግረኝ እቆጣ ነበር። ከዚያ ወንበር አወጣ ነበር መሰለኝ።

ተክሉ በየዓመቱ የካቲት ላይ መቆረጥ አለበት። ፖሊስ ከመለሰልኝ ዕቃዋ ውስጥ መቀሱ አለ፤ ከካርቶኑ እንኳ አልወጣም። የሚመጣው የካቲት ከፍቼ እኔ እቆርጥበታለሁ። አንተ የምትወጣበትን ዓመት አላውቅም። በወጣህበት ዓመት ግን የካቲት ላይ ትመጣለህ። ቤት ግባ አልልህም፤ ውሃም አላቀርብልህም። መቀሱን እሰጥሃለሁ፣ ጎንበስ ብለህ ትቆርጣለህ፣ አንድ ስንዝር ታስቀራለህ።

ስትጨርስ፣ ከመሄድህ በፊት፣ እዚያው ቆመህ እንዴት እንደሳቀች ታሰማኛለህ። ሳትጨምር። ሳትቀንስ።

ደጊቱ፣ የገሊላ እናት